የነቃ ብርሌም ዕቃ ይሆናል

ዩኔስኮ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ፊንላንድ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ሃንጋሪና ስፔን በጋራ ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት፣ በእጅ የሚሠራ የመስታወት ጥበብን በኅዳር 2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ቱሪስት በሚመላለስባት፣ ሥራ ፈላጊ ወጣትም በሞላባት በባሕር ዳር መስታወት መንፋትን እንጀምር የሚል ሰው ቢነሣ አልቃወምም፤ አጀማመሩ ግን ከንፋት ባይሆን እመርጣለሁ።

ንፋት ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ባለሙያው እንደ ማር የሚዝለገለገውን ቅልጥ በረጅም የብረት ቧንቧ ጫፍ ጠቅልሎ ያወጣና፣ ቧንቧውን ሳያቋርጥ እያሽከረከረ በአፉ በመንፋት ቅርጽ ያስይዘዋል። ጣጣው ምድጃው ነው። ቅልጡ ለእጅ የሚመቸው 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ምድጃውም ማታ ጠፍቶ ጠዋት የሚለኮስ ባለመሆኑ ሌሊቱን ሁሉ ሲበላ ያድራል። ያለቀለት ዕቃም በድንገት ከበረደ ስለሚሰነጠቅ፣ ከ500 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ በሌላ ምድጃ ለሰዓታት ቀስ እያለ መብረድ አለበት። መብራት በሄደ ቁጥር የቀኑ ሥራ ገደል ይገባል፤ በማገዶ እንሥራ ማለት ደግሞ በጣና ዙሪያ የተረፈውን ዛፍ መፍጀት ነው።

የሚሻለው ትምህርት ያለው ጋና ነው። በዚያ የሚኖሩት የክሮቦ ሰዎች ዶቃ ለመሥራት የተጣለ ጠርሙስ ወቅጠው ያደቁና፣ ዱቄቱን በሸክላ ቅርጽ ማውጫ ጉድጓዶች ይሞላሉ፤ በየመካከሉ የካሳቫ ቅጠል ዘንግ ይሰካሉ፤ ዘንጉ እሳት ውስጥ ነድዶ ሲያልቅ የክር ማለፊያ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። እንዲህ የሚሠራው ዶቃ ከንፋት በእጅጉ ያነሰ ሙቀት ይበቃዋል፤ ምድጃውም የሚነደው ሥራ ሲኖር ብቻ ነው። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረት ለፍቅር ይሠራ እንደሆነ እንጃ፣ ለመስታወት ግን አይሠራም፤ ቆራሌው የሚሰበስበው ስብርባሪ ሁሉ ጥሬ ዕቃ ነው።

ቅርጽ ማውጫውንስ ከሸክላ ሠሪዎቻችን የተሻለ ማን ያበጀዋል? የአፈሩን ጠባይና የእሳቱን ልክ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይሁን እንጂ በምጣዳቸው እየጋገርንና በጀበናቸው እያፈላን ለዘመናት «ቡዳ» ስንላቸው ኖረናል። አዲሱ ሙያ ገበያ ሲያገኝ ዲፕሎማ የያዘው ባለቤት፣ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ አቅራቢ ሆና እንዳትቀር እሰጋለሁ። ስለዚህ ሥልጠናው ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች እነሱ ይሁኑ፤ ሱቁንም በማኅበራቸው ስም ያውጡ፤ ጠርሙስ ሲወቀጥ የሚነሣው ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ውኃ ከመጀመሪያው ቀን በጀት ይያዝላቸው።