ዲክሎፌናክ ከመሸጡ በፊት ዕድሜ ይጠየቅ

በገበያ ቀን ከቡሬ፣ ከሞጣ ወይም ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ የመጡ አዛውንቶች ጉልበታቸው ሲቆረጥማቸው መድኃኒት ቤት ጎራ ይላሉ። ብዙ ጊዜ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይሰጣቸዋል። ዋጋ ይነገራል፤ ዕድሜ አይጠየቅም። ይህ መቆም አለበት።

እነዚህ ማስታገሻዎች የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማገድ ነው። ጨጓራ በገዛ አሲዱ እንዳይቆስል የሚሸፍነው ንፍጥና ለግድግዳው የሚደርሰው ደም ግን የሚጠበቁት በዚሁ ንጥረ ነገር ነው። መከላከያው በዕድሜ ስለሚሳሳ ወጣቱ የሚችለው መጠን አዛውንቱን ያቆስላል። ከ65 ዓመት በላይ መሆን ብቻውን አደጋውን ይጨምራል። ለልብ የሚወሰድ አስፒሪን፣ የደም ማቅጠኛ ወይም ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ከታከለበት ደግሞ ይብሳል።

«በመርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም» የሚባለው ስሕተት ነው፤ መርፌውም በደም ዞሮ ያንኑ ንጥረ ነገር ያግዳል። ምግብ በልቶ መዋጥም ማቃጠሉን ቢያስታግስ እንጂ ቁስለቱን አይከላከልም።

ስለዚህ ባለሙያው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ዕድሜዎ ስንት ነው? ጨጓራዎ ቆስሎ ወይም ደምቶ ያውቃል? ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ዕድሜያቸውን በቁጥር የማያውቁ ብዙ ናቸው። በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ እርፍ ጨብጠው ያርሱ ከነበረ ግን 65ን አልፈዋል ብሎ መያዝ ይሻላል።

ለጉልበት መጀመሪያ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል ይሞከር፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ፓራሲታሞልም አለ፤ ለአዛውንት ባለ 500 ሚሊ ግራሙ በ24 ሰዓት ከስድስት ፍሬ ባያልፍ ይመረጣል፤ ጉበቱ የታመመ ወይም አረቄ የሚያዘወትር ግን ከዚያም መቀነስ አለበት። የግድ የሚዋጥ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ካስፈለገ በዝቅተኛ መጠን፣ ለጥቂት ቀናት፣ ሁለት ዓይነት ሳይደራረብ ይሁን፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራምም በቀን አንዴ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት አብሮ ይታዘዝ። በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከእራት በፊት ሊወስዱት ይችላሉ። ቀድሞ ጨጓራው የደማ ሰው ግን ሐኪም ሳያየው አንድም ፍሬ አይሸጥለት።

አዛውንት ላይ ቁስለቱ ብዙ ጊዜ ሳያም ይቆያል፤ ማስታገሻውም ሕመሙን ይሸፍነዋል። የመጀመሪያው ምልክት እንደ ቅጥራን የጠቆረ፣ የሚጣበቅና የሚከረፋ ሰገራ ሊሆን ይችላል። የብረት እንክብልም ሰገራ ያጠቁራል፤ የደሙ ግን በመከርፋቱና በመጣበቁ ይለያል። እንዲህ ያለ ሰገራ፣ ማዞር፣ ላብ ወይም ደም ማስመለስ ካለ መድኃኒቱን አቁሞ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። የመድኃኒቱም ማሸጊያ አብሮ ይሂድ።