እርማት፦ ንጹሕ ማርም የደም ስኳር ይጨምራል

ወንድሜ፣ «ንጹሕ የጎጃም ማር የስኳር በሽተኛን አይጎዳም፣ እንዲያውም መድኃኒቱን ይተካል» የሚለውን ቪዲዮ ያጋራኸው በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን ስህተት ነው፤ አደገኛም ነው።

ማራችን ግሩም ነው። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠውን የአደይ አበባ ማር የሚያክል ለእኔ የለም። ነገር ግን ከማር 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው፤ በተለይ ፍሩክቶስና ግሉኮስ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ወደ 17 ግራም ስኳር ይይዛል። ንጹሕ ነው ማለት ባዕድ ነገር አልተቀላቀለበትም ማለት እንጂ ስኳር የለውም ማለት አይደለም። የደም ስኳሩ ዝቅ ብሎ ላብ ላብ ለሚለውና ለሚንቀጠቀጥ ሰው ማር የሚሰጠውም ስኳሩን ቶሎ ከፍ ስለሚያደርግ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ «መድኃኒቱን ይተካል» የሚለው ነው። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ ማለትም ሰውነቱ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን የማያመርት ሰው፣ የኢንሱሊን መርፌውን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ደብረ ማርቆስ ወይም ዳንግላ ያለች አንዲት እናት ቪዲዮውን አምና መርፌዋን ብትተው ተናጋሪው አይደርስላትም።

«ጎረቤቴ ዳነ» የሚለውም ማስረጃ አይሆንም። ስኳሩ መቼ ተለካ? ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ? ሌላ መድኃኒት ይወስድ ነበር? መካሪው ራሱ ማር ሻጭ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይቀመስም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ ሕመም ሊያመጣበት ይችላል።

እባክህ ቪዲዮውን አንሣው። ቪዲዮውን ላየ ሰው ሁሉ፣ ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ንገርልኝ።