ውዳሴ ነጥብ

በየማታው ዜና መጨረሻ፣ ከአየር ጠባዩ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አንድ ቁጥር ይነበባል። «ዳው ጆንስ ዛሬ ይህን ያህል ነጥብ ወረደ።» ከስንት ላይ ነው የወረደው? ነጥብስ ማለት ምንድን ነው? የሚጠይቅ የለም። እኔ ይህን ጨዋነት ከልቤ አደንቃለሁ። መቶ ዶላር ሲያበድር ምስክር የሚያስቆም ወገኔ፣ እዚህ ላይ ሲደርስ እጁን አጣጥፎ ያምናል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ቡና የሚጠጣ አበሻ ሁሉ ዳው ስንት እንደገባ ይነግራችኋል። ምኑ ተቆጥሮ እንደሆነ ግን አትጠይቁት። ቡናው ይቀዘቅዛል።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ ሰዎች አልጠፉም። እኔ ግን ዛሬ ላወድስ ነው የመጣሁት።

ዳው ጆንስ የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ነው። ከአባቱ እንጀምር። ቻርልስ ዳው ጋዜጠኛ ነበር። በሜይ 26 ቀን 1896 የ12 ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ ደምሮ ለ12 አካፈለ። 40.94 ወጣለት። ወረቀትና እርሳስ ብቻ ለያዘ ሰው ግሩም ሥራ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ ስንት አክሲዮን አለው፣ በጠቅላላው ስንት ያወጣል እያለ ቢመዝን ኖሮ ሲያባዛ ባደረ ነበር። ስለዚህ የአንዷን አክሲዮን ዋጋ ብቻ እያነሳ ደመረ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር መጣ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ። ዳው ጆንስ ግን ዛሬም የአንዷን አክሲዮን ዋጋ እያነሳ ይደምራል። ለወግ መታመን እንዲህ ነው!

ኩባንያዎቹ ከ1928 ጀምሮ 30 ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ 12 ዛሬ አንድም የለም። የመጨረሻው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ2018 ተሰናበተ። አካፋዩም 12 አይደለም። ለ30 ያካፍላሉ ብላችሁ ከሆነ ገና ናችሁ። አክሲዮን በተሰነጠቀ (አንዷ ወደ ብዙ ትንንሽ በተከፈለች) ቁጥር፣ ኩባንያ በተቀየረ ቁጥር ቁጥሩ እንዳይዘል እያሉ አካፋዩን ሲያስተካክሉት ዛሬ 0.16 ገደማ ደርሷል። ለ0.16 ማካፈል ደግሞ በ6 ከማባዛት ብዙም አይለይም። ስለዚህ በኤፕሪል 2025 ከ30ዎቹ አንዱም አክሲዮን 700 ዶላር ሳይደርስ፣ «አማካይ» የተባለው ቁጥር 40,000 አካባቢ ይጫወት ነበር። ከአባላቱ ሁሉ የሚበልጥ አማካይ! እንዲህ ያለ ሒሳብ ለልጆቻችን ለምን እንደማያስተምሩ አይገባኝም።

ዋናው ጥበብ ያለው ግን ክብደቱ ላይ ነው። ዳው ውስጥ ትልቅ የሚባለው ትልቁ ኩባንያ አይደለም። የአንዷ አክሲዮኑ ዋጋ የተወደደው ነው። አፕልን ውሰዱ። በኦገስት 2020 እያንዳንዷን አክሲዮን ለአራት ሰነጠቀ። አንድ ድፎ ዳቦ ለአራት ስለተቆረሰ ዳቦው አያንስም። ዳው ቤት ግን ያንሳል። አፕል ከመሰንጠቁ በፊት በክብደት አንደኛ ነበር። በነጋታው ከመሀል ሰልፈኞች ጋር ተቀላቀለ። በዓለም ካሉት ኩባንያዎች ሁሉ ባለ ብዙ ገንዘቡ እሱ ነበር እኮ። ይሁን።

ከስንጥቁ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የዳውን ኩባንያዎች የሚመርጠው ኮሚቴ ተሰብስቦ ነበር። (አዎ፣ ኮሚቴ አለ። እኛ ብቻ አይደለንም።) የቴክኖሎጂው ድርሻ ስለሚቀንስ መካካስ አለበት ተባለ። ከ1928 ጀምሮ የተቀመጠው ኤክሶን ወጣ። ፋይዘርና ሬይቲዮንም ተከተሉት። ሴልስፎርስ፣ አምጀንና ሃኒዌል ገቡ። ምስኪኑ ዘይት አውጪ ምን አጠፋ? ሌላው ዳቦውን ስለቆረሰ ነው እሱ ከማዕዱ የተነሳው። ይኸው ኮሚቴ፣ ማለትም የዚያ ዘመኑ፣ አይቢኤምን በ1939 አስወጥቶ በ1979 መልሶታል። በመሀል አይቢኤም ምን ያህል እንዳደገ መናገር ሐሜት ይሆንብኛል።

አሁን ወደ ጸሎተ ሐሙስ ልውሰዳችሁ። በ2025 የእኛም የፈረንጆቹም ፋሲካ አንድ ላይ ውሎ ነበር። ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቡና ቤት ውስጥ የማከብራቸው አንድ ጋሼ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረጉት።

«አለቅን!» አሉ። «527 ነጥብ!»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ገንዘብ ዳው ላይ ነው እንዴ?»

«ፎር ኦ ዋን ኬዬ፣ የጡረታ ቁጠባዬ ነዋ!»

«እሱ ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ የ500 ኩባንያዎቹ መለኪያ ላይ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ነው።»

«እሱማ ዛሬ ትንሽ ከፍ ብሏል እኮ።»

ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ 527 ነጥብ ነው የምልህ!»

ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

የዚያን ዕለት የሆነው ይህ ነው። ዩናይትድሄልዝ የተባለው የጤና መድን ድርጅት የዓመቱን የትርፍ ግምት ዝቅ አደረገ። ጡረተኞች ካሰበው በላይ ሐኪም ጋ ተመላለሱበት። አክሲዮኑ በአንድ ቀን 22 በመቶ፣ ማለትም 131 ዶላር ገደማ ወረደ። ዳው ውስጥ ደግሞ ከሁሉም የተወደደው አክሲዮን እሱ ነበር። 131ን በ6 አባዙት። ወደ 800 ነጥብ ይመጣል። ዳው ግን የወረደው 527 ብቻ ነው። እንግዲህ የቀሩት 29ኙ ተደምረው ወደ ላይ ሄደው ነበር ማለት ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500ም በ0.13 በመቶ ጨምሯል። የአሜሪካ ሽማግሌዎች ደም ግፊታቸውን ስለተለኩ፣ እዚህ የኛ ጋሼ ደም ግፊት ወጣ። በማግስቱ ስቅለት ነው፣ የኒው ዮርኩም ገበያ ዝግ ነው። 527ቷን ይዘን እስከ ሰኞ ሰነበትን።

ነጥብን ከሁሉ አስበልጬ የማወድሰው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ነጥብ ታሪክን ያስተካክላል። ኦክቶበር 19 ቀን 1987 ጥቁር ሰኞ ይባላል። ዳው በአንድ ቀን 508 ነጥብ ወረደ። ከነበረው 22.6 በመቶውን ነው ያጣው። በመቶ ሲሰላ በታሪኩ እንዲህ ያለ ቀን አላየም። የጸሎተ ሐሙሱ 527 ግን 1.3 በመቶ ነው። 527 ከ508 ይበልጣል ወይስ አይበልጥም? ይበልጣል። ስለዚህ ያንን ሐሙስ በሕይወት ያለፍን ሁሉ ከጥቁር ሰኞ የባሰ አይተናልና ለልጅ ልጅ የምናወራው አለን። ዜና አንባቢዎች በመቶ እየተናገሩ ይህን ጀግንነት እንዳይነጥቁን አደራ።

ደስታውም አለ። በማርች 1999 ዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ከ10,000 በላይ ዘግቶ ሲያድር ኒው ዮርክ ላይ «ዳው 10,000» የሚል ኮፍያ ተደረገ። እንደዚያ ኮፍያ ያለ ጥሩ ዕቃ አላየሁም። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ወረደ፣ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። በማርች 2009 ወደ 6,500 ገብቶ በኦክቶበር እንደገና 10,000ን አለፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ኮፍያ! ያን ሁሉ ጊዜ አክሲዮኖቹ ትርፍ እያከፋፈሉ ነበር። ዳው ግን የትርፍ ድርሻን አይቆጥርም። ኪስ የገባ ገንዘብ ዜና አይሆንም።

ምክንያት ሰጪዎቹን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። አመሻሹ ላይ ቁጥሩ ይመጣል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ምክንያቱ ይከተላል። ነዳጅ ረከሰና ገበያው ወጣ እንበል። «በእፎይታ» ነው። ነዳጅ ረከሰና ገበያው ወረደስ? «በስጋት» ነው። ምንም ካልተገኘ «ኢንቨስተሮች ትርፋቸውን ሰበሰቡ» ይባላል። ለሸጠ ሰው ሁሉ የገዛ ሰው መኖሩን ማንም አያነሳም። የገዙት ምን ሰበሰቡ?

እዚህ ላይ የካናዳዋ ቫንኩቨር ትታሰበኝ። የከተማዋ የአክሲዮን ገበያ በ1982 አዲስ ኢንዴክስ፣ ማለትም እንደ ዳው ያለ መለኪያ አወጣ፣ ከ1,000 ጀመረ። ኮምፒውተሩ በቀን በሺዎች ጊዜ እያሰላ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ ብቻ ይይዝ ነበር። የተረፈውን ማጠጋጋት ሲገባው ቆርጦ ይጥለዋል። የሚጣለው ቅንጣት ነው። ግን ቅንጣቱ ተጠራቅሞ በኖቬምበር 1983 ኢንዴክሱ 524 ገባ። ሒሳቡን ሲያርሙት ስንት ሆነ? 1,098። አንድ ዓርብ ግማሹን ያጣ ገበያ ሰኞ ዕለት አትራፊ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ ለእያንዳንዱ ውድቀት ምክንያት ሲያቀርቡ የከረሙ ካሉ፣ ሐውልት ይገባቸዋል።

ኤስ ኤንድ ፒ 500 ይሻላል የሚሉ ይኖራሉ። ከ1957 ጀምሮ አለ፣ የሚመዝነውም ኩባንያው በጠቅላላው በሚያወጣው ዋጋ ነው። ነገሩ ልክ ነው፣ ስለዚህም ለማወደስ አይመችም። ደግነቱ እሱም ቢሆን ትንሽ ሽሙጥ ይዟል። ስሙ 500 ነው፣ አሥሩ ኩባንያዎች ብቻ ግን ከሲሶ በላዩን ይዘዋል። አራት መቶ ዘጠናው ሰርግ አድማቂ ነው።

አዲስ አበባም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የራሷ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አላት። ወጋገን ባንክ በቀዳሚነት ተመዝግቦበታል። የዚያ ገበያ ቁጥር ከአየር ጠባዩ በፊት በየማታው የሚነበብበት ዘመን ሲመጣ፣ ልምዱን ከዚህ የሚያሸጋግሩ ባለሙያዎች በየቡና ቤቱ ዝግጁ ናቸው።

ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አለኝ። ኦማሃ፣ ነብራስካ ውስጥ በርክሻየር ሃታዌይ የሚባል ኩባንያ አለ። የአንደኛው ዓይነት አክሲዮኑ አንዷ ብቻ ከ600,000 ዶላር በላይ ታወጣለች። ዳው ውስጥ ትግባ። ያን ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት ከ98 በመቶ በላዩ የእሷ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ይውረድ፣ ማክዶናልድስ ይውጣ፣ ማንም አይሰማም። ዜና አንባቢውም ምክንያት ፍለጋ አይደክምም፣ በየማታው ወደ ኦማሃ አንድ ስልክ መደወል ይበቃዋል። ጋሼም በዚህ ሐሳብ ተስማምተዋል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በቀን ስንት ነጥብ ሊወርድ ይችላል?