የሰኞ ዳዊትና የአባቴ ሚዛን

ከመጽሐፍ ቅዱስ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ካነበብን ሕይወታችን ይለወጣል ብለህ ጽፈሃል ወንድሜ፣ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ቀርቷል። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ ገብስ ነጋዴ ነበር። ዳዊቱን ለየዕለቱ ከፍሎ ይደግማል፣ ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30። በዚያ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጫፉ ያለቀው የቆዳ ማኅደር አጠገቡ፣ ገጹ ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ጠብ ብሎበት፣ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝግ ይል ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። አንድ የመንዝ ገበሬ ገብሱን አስመዝኖ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ማታ አባቴ ሚዛኑን ቢፈትሽ ለካ ከኩንታሉ 2 ኪሎ ያጎድላል። በነጋታው መናኸሪያ ወርዶ ሰውየውን ፈለገው፣ አጣው። ብሩን በመሀረብ ቋጥሮ ሁለት ሳምንት ጠበቀና ሲመጣ ሰጠው። ምሳሌ 11፥1 «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል፤ እሱ ግን ጥቅስ አልጠቀሰም፣ «ያንተ ነው፣ እንካ» ብቻ።

ጽሑፍህ ላይ የጎደለኝ ይሄ ነው። ያነበብነው ሱቃችን ውስጥ፣ ቢሯችን ውስጥ ገብቷል ወይ? ዛሬ እኔም የቀን ሠራተኛ አሠራለሁ። ዘሌዋውያን 19፥13 የሠራተኛው ዋጋ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ባለፈው ዓርብ ደክሞኝ ነገ እከፍለዋለሁ ብዬ ቤት ከገባሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ተነስቼ ሠራተኛው ልጅ የተከራየበት ቤት ድረስ ሄጄ ሰጠሁት።