ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ

«ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ፤ ከሱ ጋር እንግባባለን።»

በቃ፣ መኪናዬን የሠራው የጋራዡ ሰውዬ ይሄን ነው ያለኝ። ዛሬ፣ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ቆመው እያዩኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል ብዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ስለው፣ እሱ አንቺ እያለ ሲያዘኝ ችዬው ኖሬያለሁ። 96,000 ብሬን ተቀብሎ ባል አምጪ ሲለኝ ግን ደሜ ፈላ። ብሩን የከፈለው ባል ነው እንዴ? የእቁቤ ብር ነው! 14 ወር ጠብቄ የወጣልኝ እቁብ!

የጠየቅኩት እኮ አንዲት ጥያቄ ነው። «ሞተሩን ከማውረድዎ በፊት ኮምፕሬሽኑን ለክተው ነበር?» ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት ማለቴ ነው። ዝም አለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ልጆቹ ዞረና «ሰማችሁ? እህታችን መካኒክ ሆና መጥታለች» አላቸው። ሳቁ። «ዩቲዩብ ላይ አይተሽ ነው?» አዎ፣ አይቻለሁ፣ ምን ነውር አለው? «ለክተው ከነበረ ቁጥሩ ስንት መጣ?» አልኩት። «የሠላሳ ዓመት ባለሙያ በጆሮው ነው የሚለካው» አለኝ። በጆሮው! በጆሮው ሰምቶ ብቻ ሆድ የሚቀድ ሐኪም የት አለ? ካንዴላውን ፈትቶ መለኪያውን ማስገባትና ሞተሩን ማዞር ነው፤ አራቱንም ሲሊንደር ለመለካት ግማሽ ቀን አይፈጅም። 96,000 ብር ከማስወጣት በፊት ይቺ ትከብዳለች?

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ሕመሟ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ፣ መንቀጥቀጥ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ማጣት፣ የሞተር መብራቷም መብራት ነበር። ዘይት አትበላም። ጭስ የላትም። ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ያለቀ ሞተር ዘይት ይበላል፣ ከኋላው ሰማያዊ ያጨሳል፤ ያኔ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የጋራዡ ልጅ ራሱ ማሽን ሰክቶ መኪናዋ የመዘገበችውን የብልሽት ኮድ አነበበው፤ ፒ0302። ለወንድሜ ልልክለት ብዬ ስክሪኑን በስልኬ አነሳሁት። ፎቶው ይኸው አለ፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር። ሰውዬው ግን ዞር ብሎም አላየው። ነዳጅ ሁለት ጊዜ አስረገጠ፣ ጆሮውን ጣል አደረገ፣ «ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተሩ ይወርዳል» አለ። ፍርድ ተሰጠ።

ከዚያ 23 ቀን። ነገ ትደርሳለች። ቶርኖ ቤት ሰው በዝቷል። መብራት የለም። ልጁ ልቅሶ ሄዷል። ነገ ትደርሳለች። እኔ በየማለዳው የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ በዝናብ። ዕቃውን ራሴ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ልግዛ ስለው «አንቺን ያታልሉሻል» ብሎ የራሱን ሰው ላከ። ስንት እንደተገዛ የሚያሳይ ወረቀት የለም። «ዶላር ጨምሯል» ብቻ። ብር ገበያው ይተምነው ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይቺ ቃል የሁሉ ነገር መልስ ሆናለች። ባለፈው ጎማ የሚነፋልኝ ልጅ እንኳ ዶላር አለኝ። አየር እኮ ነው! አየር በዶላር ይገባል?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ አሮጌውን ፋሻ አሳዩኝ ስል «ቁራሌው ወሰደው» አሉኝ። የኔን ዕቃ! አለቀ የተባለው ፋሻ አልቆ እንደነበር በምን ላረጋግጥ? ማስረጃዬን ለቁራሌው ሸጠው ዛሬ ማስረጃሽን አምጪ ይሉኛል።

በመሃል አንድ ቀን ወንድሜ አብሮኝ ሄዶ ነበር። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ፍሪሲዮንና ፍሬን አይለይም። ወንበር ተጠርጎ ቀረበለት፣ ማኪያቶ ታዘዘለት። ሰውዬው ፒስተን አንስቶ በእጁ እያገላበጠ አንድ በአንድ አስረዳው፤ ወንድሜ እሺ፣ እሺ ይላል። እኔ ባለመኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ። ያን ቀን ዝም ማለቴ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

መኪናዋን በወሰድኩ በሦስተኛው ቀን ያው መንቀጥቀጥ ተመለሰ። መብራቱም በራ። ቄራ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ልጅ ጋ ወሰድኳት፤ ተስፋ ቆርጬ ነው የሄድኩት። ኮዱን አነበበው፤ 0302። «ሁለተኛው ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም ማለት ነው፤ ከርካሹ እንጀምር እትዬ» አለኝ። የሁለተኛውን ኮይል፣ ለካንዴላው የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ነቅሎ ሦስተኛው ላይ፣ የሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ አደረገ። ኮዱን አጥፍቶ ሞተሩን አስነሳ። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ በራ። 0303! ችግሩ ከኮይሉ ጋር አብሮ ሄደ! ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ያገለገለ ኮይል 3,800፣ የእጁ 500። መኪናዋ ጸጥ አለች። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ በደስታ ይሁን በንዴት እስካሁን አላውቅም።

ዛሬ ይሄን ሁሉ ለሰውዬው ነገርኩት። «ኮይሉ ያኔ ደህና ነበር፤ የተበላሸው አሁን ነው» አለ። ፎቶውን አሳየሁት፤ ሞተሩ ሳይወርድ በፊት የነበረው ኮድ፣ ሞተሩ ታድሶ የመጣው ኮድ፣ አንድ ናቸው። «ኮድ ይዋሻል» አለ። ትንሽ አሰበና ደግሞ «ኮምፕሬሽን ሲወርድም ያ ኮድ ይመጣል» አለኝ። ልክ ነው፣ ይመጣል፤ የቄራው ልጅም ብሎኛል። ለዚህ እኮ ነው ለክተው ነበር ወይ ያልኩት! ባሌን አምጪ ያለኝ ያኔ ነው። መልስ ሲያጣ።

እና አሁን ከሞተሩ ክዳን ሥር ዘይት ትንጠባጠባለች። ድሮ አንዲት ጠብታ አታውቅም ነበር። አከራዬ ሲሚንቶዬን አበላሸሽው ብለው ትናንት ተቆጡኝ። ደክሞኛል። እውነቴን ነው፣ በጣም ደክሞኛል።

ሕግ የተማረችው የአጎቴ ልጅ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006ን አውጥታ አነበበችልኝ። አገልግሎቱ ጉድለት ካለበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ በነፃ እንደገና እንዲሠራለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። መኪናዋን ከተረከብኩ ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው። በእጄ ያለችው ግን ማኅተም የሌላት፣ በእስክሪብቶ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ናት። ደረሰኝ ስል «15 በመቶ ትጨምሪያለሽ» ተብዬ፣ ብር አልቆብኝ ተውኩት። ፊርማው ግን አለባት፤ 96,000 የሚለውም በራሱ እጅ ነው የተጻፈው።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነኝ። ፎቶው፣ የተበላሸው ኮይል፣ ያቺ ወረቀት። የቄራው ልጅ ሥራውን ትቶ እመጣለሁ ብሎኛል። ወንድሜ ልምጣ ወይ ብሎ ደወለ፤ አትምጣ አልኩት።