ዶሮ ወጥ በ30 ደቂቃ?

"በ30 ደቂቃ የሚደርስ ባህላዊ ዶሮ ወጥ" የሚል ቪዲዮ ትናንት አይቼ እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው። ሽንኩርት ሁለት ፍሬ። ሁለት! ለአንድ ሙሉ ዶሮ! እኔ ሁለት ኪሎ ከትፌ፣ አልቅሼ፣ አሁንም አነሰ ይሆን እያልኩ ነው የምጥደው። ቁሌቱ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ እያማሰልኩ፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሁ። ከዚያ በርበሬው ገብቶ ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው ድረስ። ልጅቷ ግን ሽንኩርቱ በቅጡ ሳይበስል ሳልሳ ገለበጠችበት። "ለቀለም" አለች። በርበሬው ታዲያ ምን ሊሠራ ነው የገባው?

ዶሮዋም ከነቆዳዋ ገባች። በሎሚና በጨው ማጠብ የለ፣ 12 ብልት ማውጣት የለ። መከለሻማ ስሙም አልተነሣ።

ወግ አጥባቂ እንዳልባል፦ ባሕር ማዶ ያለ ሰው የተቆራረጠ ዶሮ ገዝቶ፣ ቅቤ ቢያጣ በዘይት ቢሠራ ምን አለበት? እኔም ለበዓል ሲጨንቀኝ ሽንኩርቱን በማሽን ፈጭቼ አውቃለሁ (እናቴ እንዳትሰማ)። ግን "ባህላዊ" ብዬ አልለጠፍኩበትም። የዶሮ ስልስ በሉት፣ ፈጣን ዶሮ በሉት፤ ስሙን ብቻ ተዉልን።