ለሽልማት አዘጋጆች ይድረስ ጭብጨባዬ

ምስጋናዬን ከምንጣፉ ልጀምር።

ድሬዳዋ፣ አንድ ሆቴል ግቢ፣ እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ሁለት ልጆች ተንበርክከው ቀይ ምንጣፍ በፕላስተር መሬት ላይ ያጣብቃሉ። ሙቀቱ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ ያላቅቅባቸዋል። በመጨረሻ አንደኛው መላ መጣለት። አራት ካርቶን የታሸገ ውሃ ተሸክሞ መጥቶ አራቱ ጥግ ላይ ጫነበት። ጠጋ ብዬ አየሁት። የሻማ ጠብታ አለበት። መሃሉ ላይ የተረገጠ ከረሜላ ተጣብቋል። የትናንቱ ሰርግ ምንጣፍ ነው። ቅዳሜ ሙሽራ፣ እሁድ ተዋናይ ይሄድበታል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ብሎ የሚተች ምቀኛ አይጠፋም። እኔ ግን እንዲህ ያለ ቁጠባ አይቼ አላውቅም።

እዚያ የተገኘሁት ተሸላሚ ሆኜ አይደለም። ዕጩም አይደለሁም። አንድ ጓደኛዬ ደወለና «ኮት አለህ?» አለኝ። «አለኝ» አልኩት። «በቃ ተጋብዘሃል» አለ። ጥሪው ይኸው ነው።

ይህ ባዶ ወንበር የመሙላት ሥራ አሜሪካም አለ። ኦስካር ላይ አንድ ኮከብ ሽንት ቤት ሲሄድ ባዶ ወንበር ካሜራ ውስጥ እንዳይገባ፣ ዘንጦ የሚጠብቅ ሰው ከዳር መጥቶ ይቀመጥበታል። ኮከቡ ሲመለስ ይነሳል። የኛዎቹ ይህን አሻሽለውታል። የተቀመጥኩበት ወንበር ባለቤት መጀመሪያውኑ አልመጣም። ስለዚህ ማንም አላስነሳኝም።

የጥሪ ካርዱ 10 ሰዓት ይላል። ዝግጅቱ ከአዲስ አበባ እንደመጣ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ድሬ የት እንዳለች የድሬ ልጅ ያውቃል። ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ በርጫው ላይ ነው። ከገንደ ቆሬ እስከ ከዚራ ኮት ለብሶ በባጃጅ የሚሄድ ሰው ሲታይ ያስደነግጣል። የባጃጁ ሾፌር በመስታወቱ አየት አደረገኝና «አቦ፣ ማን ሞተ?» አለኝ።

እና ስንት ሰዓት ተጀመረ? ምሽት 2:30።

እዚህ ላይ አዘጋጆቹን ከልቤ ነው የማደንቀው። የመጀመሪያው የኦስካር ሽልማት እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1929 ሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል ሲሰጥ፣ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት የፈጀው 15 ደቂቃ ያህል ነው። አሸናፊዎቹም ከሦስት ወር በፊት ተነግሯቸው ነበር። እራታቸውን በሉ፣ ተቀበሉ፣ ተበተኑ። እንዴት ያለ ድህነት ነው! እ.ኤ.አ. በ1953 ቴሌቪዥን ሲገባበት ነው ነገሩ ነፍስ የዘራው። ማስታወቂያ መጣ፣ ቀልደኛ መጣ፣ ዘፈን መጣ። እየተንፏቀቁም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2002 ላይ 4 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ደረሱ። የኦስካር ረጅሙ ሌሊት ያ ነው።

እኛ የክብር እንግዳውን ስንጠብቅ ብቻ 4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ሞላን። ሪከርዱን በ7 ደቂቃ ሰበርነው። አንድም ሽልማት ሳንሰጥ።

ዝም ብለን ግን አልጠበቅንም። ሠራን። ዳይሬክተሩ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ አድርጎ መጣና ከፊት ያለነውን ጠጋ ጠጋ አስደረገን። «አሁን ጭብጨባ እንቀርጻለን» አለ።

«ለማን?» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ። ሰባውን ያለፉ፣ ኮፍያ ያደረጉ የሰፈር ሰው ናቸው።

«ለማንም አይደለም ጋሼ። ዝም ብላችሁ አጨብጭቡ።»

አጨበጨብን። «ሞቅ አድርጉት!» አሞቅነው። «አሁን ሳቅ!» ሳቅን። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰው በባዶ ሆድ፣ ምንም ሳይባል የሳቁ 60 ሰዎች ሳቅ ምን እንደሚመስል መግለጽ ይከብደኛል። «አሁን ደግሞ ልብ የሚነካ ነገር እየሰማችሁ ነው።» ሁላችንም ልባችን ተነካ። እኔ በዚያች ቅጽበት ከግንባሬ የወረደ ላብ ዐይኔ ውስጥ ገብቶ አቃጠለኝና በመሐረብ ጠረግኩት። ካሜራማኑ ሮጦ መጣ። «ይቺን ያዝኳት! አንዴ ድገማት ወንድሜ!» ደገምኩለት። በሦስተኛው ላይ ከንፈሬን ሁሉ ነከስ አድርጌያለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። ከብብት ካላቡም አይገድም።

ባለሙያዎቹ ይህን «ካት አዌይ» ይሉታል። የተንዛዛ ንግግር ሲቆረጥ መገጣጠሚያው እንዳይታይ፣ መሃል ላይ የታዳሚ ፊት ይሸጎጣል። ኮት ሲቀደድ ከውስጥ እንደሚለጠፍ እራፊ መሆኑ ነው። እራፊ ሆኜ አገለገልኩ፣ ኩራት ተሰምቶኛል።

በመጨረሻ «ብድግ ብላችሁ!» አለ። ተነሳን። ጋሼ አልተነሱም። ዳይሬክተሩ ጠጋ ብሎ ለመናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ጉልበት ለሰው ነው የሚነሳው» አሉት። ፎጣውን አንገቱ ላይ አስተካክሎ ሄደ።

መድረኩ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ላይ የመስታወት ዋንጫ ተደርድሯል። ከመሰልቸቴ የተነሳ ቆጠርኩት። 41። የውድድር ዘርፉ 12 ነው። የቀረው 29 የማን ይሆን ብዬ ስጨነቅ ነበር። ከንቱ ጭንቀት! «የአጋር ድርጅቶች የምስጋና መርሐ ግብር» ሲባል ሁሉም ባለቤቱን አገኘ። ቀለም ፋብሪካው ወሰደ። ፍራሽ አከፋፋዩ ወሰደ። ምንጣፉን ይዞልን ያመሸው ውሃም ወሰደ፣ እሱ እንኳ ሲያንሰው ነው። ጄኔሬተር ያዋሰው ወሰደ። ከዚያ የአዘጋጁ ድርጅት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ወጣና፣ ይህን ታላቅ ምሽት እውን ላደረገው ድርጅት ልዩ ሽልማት እንዳለ አበሰረን። ሥራ አስኪያጁ ወጥቶ ተቀበለ። ከራሱ፣ ለራሱ፣ በምክትሉ እጅ። ምስጋና ያቀረበውም ለዚሁ ድርጅት ነው። ፊቱን አየሁት፣ በእውነት ያልጠበቀው ይመስላል። ምርጥ ተዋናይ የሚባል ዘርፍ ለሌላ መሰጠቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዋንጫው ላይ ያለው ስም ስቲከር ነው። የድሬ ሙቀት ጠርዝ ጠርዙን ላቀቀው። ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ኦስካር የተሸለመ ሰው ሐውልቱን ለመሸጥ ቢያምረው፣ በቅድሚያ ለሸላሚው አካዳሚ በ1 ዶላር እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ውል አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መግቢያ ጀምሮ እንደዚያ ነው። የኛ ተሸላሚ ነፃ ሰው ነው። ስቲከሩን ልጦ ለልጁ ልደት ሊሰጠው ይችላል። አዘጋጁም ነፃ ነው። አሸናፊው ካልመጣ ልጦ ለመጣው ይለጥፍለታል።

ይህን ያልኩት በሐሜት አይደለም። አንዱ ዕጩ አጠገቤ ሆኖ ስልክ ሲያወራ ሰምቻለሁ። «ካልመጣህ ለሌላ ነው ብለውኛል፣ ለዚያ ነው ሌሊቱን በመኪና የነዳሁት» ይላል። ከአዲስ አበባ ድሬ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን መመዘኛ አለ? ዳኛ ይሳሳታል፣ ኪሎ ሜትር አይሳሳትም።

ፖስታውን በተመለከተም ፈረንጆቹ ከኛ ሊማሩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኦስካር ላይ የምርጥ ፊልም ሽልማት በስህተት ለሌላ ፊልም ተነቦ፣ ሰዎቹ መድረክ ላይ ወጥተው እያመሰገኑ ሳለ ተነጠቁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድምፁን የሚቆጥረው የሒሳብ ድርጅት ለየዘርፉ ሁለት ሁለት ፖስታ አዘጋጅቶ፣ ሁለት ሰዎች በመድረኩ ግራና ቀኝ ይዘው ይቆማሉ። በአንዱ በኩል የተሰጠ ፖስታ በሌላው በኩል ትርፍ ሆኖ ይቀራል። የምርጥ ሴት ተዋናይዋ ትርፍ ፖስታ ሳይነሳ ቀረና ለምርጥ ፊልም አንባቢዎቹ ተሰጠ። ይኸው ነው ጉዱ።

እኛ ዘንድ ይህ ሊፈጠር አይችልም። አንዱ አቅራቢ ሲወርድ የጣለውን ፖስታ አነሳሁት። ውስጡ ያለው ነጭ ወረቀት ነው። ምንም አልተጻፈበትም። ባዶ ወረቀት ደግሞ አይምታታም።

«የሕዝብ ድምፅ» የተባለው ዘርፍም ነበረ። በአጭር ቁጥር መልእክት የሚላክበት። አሸናፊው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ግን ከጉብዝናው ይልቅ የዘመዱ ብዛት ነው ያስገረመኝ። ለአንድ ወር በየስልኩ «ሀ ብላችሁ ላኩ፣ ደጋግማችሁ ላኩ» ሲል ከርሟል። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲቀበሉ ማንም ሀ ብሎ አልላከላቸውም። ምስኪኖች። ስንት የአክስት ልጅ እንደነበራቸው ሳይታወቅ አለፈ።

ምሽት 3:40 ላይ መብራት ሄደ።

መድረክ ላይ የነበረው ዘፋኝ በፕሌይባክ ነበር የሚዘፍነው። ሙዚቃው ሲቋረጥ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ጄኔሬተሩ ሁለቴ አጓራና ዝም አለ። ያዋሰው ሰውዬ ዋንጫውን ታቅፎ እየሮጠ ወጣ። ጨለማ ሆነ። የሰው ስልክ አንድ አንድ እያለ በራ። በዚህ መሃል ጋሼ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጣታቸውን ወንበሩ ላይ ቀስ እያደረጉ እየመቱ፣ አንድ የድሮ የድሬ ሰርግ ዘፈን ጀመሩ። በኦሮምኛ። ድምፃቸው ትንሽ ይሻክራል። መጀመሪያ ከኋላ አንዲት አስተናጋጅ ተቀበለቻቸው። ቀጥሎ ወጥ ቤቶቹ። ቀጥሎ ሁሉም። ምንጣፍ ያነጠፉት ልጆች ሳይቀሩ በር ላይ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። ሰባት ስምንት ደቂቃ ሆነን። ማንም «ሞቅ አድርጉት» አላለንም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሼ ስለ አፍረን ቀሎ ነገሩኝ። በዚሁ ከተማ፣ እኛ ቴሌቪዥን ሳናውቅ በፊት፣ በየሰርጉ እየዞሩ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ አሊ መሐመድ ሙሳ ይባላል። መጀመሪያ የዘፈናት «ቢራ» የምትል ዘፈን ስሙ ሆና ቀረች፣ ሰዉ አሊ ቢራ አለው። «ስቲከር አይደለችም» አሉኝ ጋሼ፣ በጨለማው ወደ ዋንጫዎቹ እያሳዩኝ። «አትላቀቅም።»

ያ ሁሉ ጭብጨባ ግን ባከነ። ካሜራው መብራት አልነበረውማ! ዳይሬክተሩ ራሱን ይዞ ሲቆጭ አየሁት። ባለሙያ ነው፣ ሐዘኑ ይገባኛል።

ዝግጅቱ የተላለፈው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከላይ በስተቀኝ «ቀጥታ» የሚል ጽሑፍ አለው። እናቴ ጎረቤቶቿን ሰብስባ፣ ቡና አፍልታ፣ ሳምቡሳ ጠብሳ ጠበቀችኝ። ምንጣፉ ያምራል። የውሃ ካርቶኖቹ አይታዩም። የቀለም ፋብሪካው ተወካይ ምርታቸው ዝናብና ፀሐይ እንደማይበግረው በሰፊው ያብራራል። ልክ «አይላላጥም» ሲል እኔ መጣሁ። በመሐረብ ዐይኔን እየጠረግኩ፣ ከንፈሬን ነክሼ። ሦስተኛዋን ነው የመረጧት።

ቤቱ ፀጥ አለ። እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ለቀለም ነው እንዲህ ያለቀስከው?»

«ላብ ነው እማ።»

«አባትህን ስንቀብር እንኳ እንዲህ አልሆንክም።»

በማግስቱ ስልኬ ጠራ። ጓደኛዬ ነው። ሁለተኛው ክፍል ለበዓል ሊተላለፍ ነው። ሲገጣጥሙት መሃል መሃሉ ሳስቶባቸዋል። «ጭብጨባ ጎድሎናል» አለኝ። «እሁድ ና። ያንኑ ኮት፣ ያንኑ ሸሚዝ።»

«ስንት ሰዓት?»

«10 ሰዓት።»

«እሺ፣ 2:30 እመጣለሁ። ለጋሼስ ልንገራቸው?»

ከማን ጋር እንደተማከረ እንጃ፣ ትንሽ ዝም አለ።

«እሳቸው ይቅሩ» አለኝ። «አይነሱም።»